የመጣጥፍ ጥራት መለኪያ በነጻ መዝገበ ዕውቀት

የመጣጥፍ ጥራት መለኪያ ብዙ ሰዎች ተባብረው በሚጽፉት መዝገበ ዕውቀት ውስጥ አንድ መጣጥፍ ምን ያህል የሚታመን፣ የተሟላና ግልጽ እንደሆነ ለመመዘን የሚያገለግል ደንብ ነው። እንደ ውክፔዲያ ባለ መዝገበ ዕውቀት ማንም ሰው መጻፍና ማረም ስለሚችል፣ የጸሐፊው ስም፣ ማዕረግ ወይም ዲግሪ ለጽሑፉ ዋስ አይሆንም። ዋስ የሚሆነው አንባቢው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከየት እንደመጣ ተከትሎ ማረጋገጥ መቻሉ ነው።

ጉዳዩ በአማርኛ ከሌሎች ትልልቅ ቋንቋዎች ይልቅ ይከብዳል። በእንግሊዝኛ ስለ አንድ ነገር የተሳሳተ ገጽ ያነበበ ተማሪ፣ የሚያነጻጽርበት ሌላ ብዙ ገጽ አለው። በአማርኛ ግን ስለ አንድ ወረዳ፣ ስለ አንድ ሐይቅ ወይም ስለ አንድ የሳይንስ ቃል በመረብ ላይ የሚገኘው ብዙ ጊዜ አንድ ገጽ ብቻ ነው። ያ ገጽ ከተሳሳተ ስሕተቱ ወደ ተማሪው የቤት ሥራ፣ ወደ ዜና፣ ከዚያም ወደ ሌላ ገጽ ይገለበጣል። ጥቂት ቆይቶ ራሱ ስሕተቱ «በብዙ ቦታ ተጽፏል» ተብሎ ማስረጃ ይሆናል።

አመጣጥ

ውክፔዲያ እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2001 በጂሚ ዌልስና በላሪ ሳንገር ተጀመረ። ከእርሱ በፊት ሁለቱ ሰዎች ኑፒዲያ የተባለ መዝገበ ዕውቀት ጀምረው ነበር። ኑፒዲያ ጽሑፎቹን በምሁራን ያስፈትሽ ነበር፤ ፍተሻውም ሰባት ደረጃዎች ነበሩት። ሥራው ጥንቃቄ የተሞላ ቢሆንም እጅግ አዝጋሚ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2003 እስኪዘጋ ድረስ ያጸደቃቸው መጣጥፎች ሠላሳ እንኳ አልሞሉም። ውክፔዲያ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው፦ ጽሑፉ መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ይፈተሻል።

ይህ አሠራር ሥራውን ቢያፋጥንም አደጋ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2005 ጆን ሲገንታለር ስለተባለው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ የሐሰት ታሪክ ተጻፈ። ጽሑፉ ሰውየውን ከኬኔዲ ወንድማማቾች ግድያ ጋር ያያይዘው ነበር። ሐሰቱ ሳይታረም ከአራት ወራት በላይ ቆየ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ያልተመዘገበ ሰው አዲስ መጣጥፍ እንዳይጀምር ተከለከለ፤ በሕይወት ስላሉ ሰዎች ለሚጻፈው ጽሑፍም ጥብቅ ደንብ ወጣ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ «ኔቸር» የተባለው የሳይንስ መጽሔት 42 የሳይንስ መጣጥፎችን ከውክፔዲያና ከብሪታኒካ ወስዶ ለባለሙያዎች አስመረመረ። በአማካይ በውክፔዲያ ጽሑፍ ውስጥ አራት ያህል፣ በብሪታኒካ ውስጥ ሦስት ያህል ስሕተቶች ተገኙ። ብሪታኒካ የጥናቱን አሠራር አጥብቆ ተቃውሟል። ከሁለቱ ታሪኮች የሚወሰደው ትምህርት፣ ብዙ ዓይን ያየው ጽሑፍ ጥሩ ሊሆን እንደሚችል፣ ማንም ያላየው ጽሑፍ ግን ሐሰትን ለወራት ተሸክሞ ሊቆይ እንደሚችል ነው። የአማርኛው ውክፔዲያ ያለው መጣጥፍ 15 ሺህ ያህል ሲሆን አዘውትረው የሚያርሙት ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ፣ አብዛኛው ገጽ በሁለተኛው አደጋ ሥር ነው።

ሦስቱ መሠረታዊ ደንቦች

የጥራት መለኪያ ሁሉ በሦስት ደንቦች ላይ ይቆማል።

የመጀመሪያው ተረጋጋጭነት ነው። አንድ ነገር እውነት መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ አንባቢው ሊያገኘው በሚችል የታተመ ምንጭ መደገፍ አለበት። ለምሳሌ «በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ያለ ምንጭ ቢጻፍ አንባቢው ለማመንም ላለማመንም ይቸገራል። ቆንስል የነበረው ሜጀር ሮበርት ቺዝማን ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1936 ታትሟል። ዓረፍተ ነገሩ ከዚህ መጽሐፍና ከገጽ ቁጥሩ ጋር ከተያያዘ የተጠራጠረ ሰው ሄዶ ያያል። ያም ሆኖ መጽሐፉ የአንድ የውጭ አገር ባለሥልጣን ዕይታ ነው። ሰውየው ስላየው መንገድና ስለሠራው ካርታ ጥሩ ምስክር ይሆናል፤ ስለ አካባቢው ሕዝብ በሰጠው አስተያየት ላይ ግን ሌላ ምንጭ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ገለልተኛነት ነው። መጣጥፍ አያሞግስም፣ አይወቅስምም። ስለ አገው ፈረሰኞች ማኅበር የሚጽፍ ሰው «በዓለም አቻ የሌለው ድንቅ ማኅበር» ቢል አንባቢው ያገኘው ነገር የለም። «ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን በፈረስ ጉግስና በሽርጥ ትርኢት ያከብራል» ቢል ግን አንባቢው ራሱ ይመዝናል። ሙገሳው በተውላጠ ቅጽል ሳይሆን በመረጃው ውስጥ ካለ አንባቢው ያገኘዋል። ሰዎች በሚከራከሩበት ጉዳይ ደግሞ ደንቡ እያንዳንዱ ወገን የሚለውን ከነባለቤቱ ማስቀመጥ ነው፦ እገሌ እንዲህ ይላል፣ እገሌ ደግሞ እንዲህ ይላል።

ሦስተኛው አዲስ ጥናት አለማቅረብ ነው። መዝገበ ዕውቀት ቀድሞ የታተመውን ዕውቀት ይሰበስባል እንጂ ጸሐፊው ራሱ የደረሰበትን አዲስ መደምደሚያ አያወጣም። ሁለት እውነተኛ ምንጮችን አገናኝቶ ማናቸውም ያላሉትን ሦስተኛ ነገር መደምደምም በዚሁ ይከለከላል። አንድ ቃል በአዊኛና በአማርኛ ተቀራራቢ ድምፅ ስላለው ብቻ «ቃሉ ከዚህ ወደዚያ ገባ» ብሎ መጻፍ የዚህ ዓይነት ስሕተት ነው። እንዲህ ለማለት ጉዳዩን ያጠና የቋንቋ ሊቅ ያሳተመው ሥራ ያስፈልጋል።

ደረጃዎች

በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ መጣጥፎች ከአጭር መዋቅር እስከ ምርጥ መጣጥፍ ድረስ በደረጃ ይመደባሉ። መዋቅር የሚባለው ርእሱን ከማስተዋወቅ ያላለፈ፣ አንድ ወይም ሁለት አንቀጽ ብቻ ያለው ጅምር ጽሑፍ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ደረጃዎች ጽሑፉ እየሰፋ፣ ምንጩ እየበዛ፣ አደረጃጀቱ እየተስተካከለ ሲሄድ ይሰጣሉ።

«ጥሩ መጣጥፍ» ለመባል ስድስት ነገሮች ይጠየቃሉ፦ በግልጽ ቋንቋ የተጻፈ፣ በምንጭ የተደገፈ፣ የርእሱን ዋና ዋና ጉዳዮች የሚሸፍን፣ ገለልተኛ፣ በጸሐፊዎች ጠብ በየቀኑ የማይገለባበጥ፣ እንዲሁም የሚቻል ሲሆን በነጻ ፈቃድ በተገኘ ሥዕል የታገዘ መሆን አለበት። ምዘናውን የሚያደርገው ጽሑፉን ያልጻፈ ሌላ በጎ ፈቃደኛ ነው። የመጨረሻው «ምርጥ መጣጥፍ» የሚባለው ደረጃ በብዙ ሰዎች ውይይት የሚሰጥ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ እንኳ ወደዚህ ደረጃ የሚደርሰው ከሺህ አንድ ያህል ብቻ ነው።

መዋቅር መሆን ነውር አይደለም። «ጥርባ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የምትገኝ ቦታ ናት» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ምንጩ ከተጠቀሰ፣ በታማኝነት የተጀመረ መዋቅር ነው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሦስት ገጽ ታሪክ ግን ቢረዝምም ከዚህ በታች ነው፤ የሚያርመው ሰው የትኛውን ይዞ የትኛውን እንደሚያስወግድ አያውቅምና።

ብዛት ጥራትን አያሳይም

የአንድ ቋንቋ መዝገበ ዕውቀት ብዙ ጊዜ የሚለካው በመጣጥፎቹ ብዛት ነው። ይህ መለኪያ ያሳስታል። በፊሊፒንስ በሚነገረው በሴብዋኖ ቋንቋ የተዘጋጀው ውክፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ መጣጥፎች ስላሉት በብዛት ከእንግሊዝኛው ቀጥሎ ይቆማል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹን የጻፋቸው ስቬርከር ዮሃንሶን የተባለ ስዊድናዊ የሠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ከመረጃ ቋት የቦታዎችንና የእንስሳትን ስም እየወሰደ በአንድ ዓይነት ቅርጽ ዓረፍተ ነገር ይሞላል። ቁጥሩ ትልቅ ቢሆንም ስለ ቋንቋው ተናጋሪዎች ሕይወት የሚናገረው ጥቂት ነው።

የስኮትስ ቋንቋ ታሪክ ደግሞ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የስኮትስ ውክፔዲያ እጅግ ብዙ ገጾች ቋንቋውን በማያውቅ አንድ አሜሪካዊ ወጣት መጻፋቸው ታወቀ። ወጣቱ ክፉ ሐሳብ አልነበረውም። የእንግሊዝኛ ቃላትን በስኮትስ ቃላት እየተካ ለዓመታት ሲጽፍ፣ ቋንቋውን የሚያውቅና የሚያርመው ሰው በአካባቢው አልነበረም። ጉዳቱ በገጾቹ ብቻ አላበቃም፤ ቋንቋውን በመረብ የተዋወቁ ሰዎች «ስኮትስ ማለት ይህ ነው» ብለው እንዲያምኑ አድርጓል።

ይህ ለአማርኛም ማስጠንቀቂያ ነው። የትርጉም መሣሪያዎች አማርኛን የሚማሩት በመረብ ላይ ካለው ጽሑፍ ነው። በመሣሪያ የተተረጎመ ያልታረመ መጣጥፍ በመዝገበ ዕውቀት ላይ ሲለጠፍ፣ መሣሪያው ነገ ከራሱ ስሕተት መልሶ ይማራል። ስለዚህ በመሣሪያ የታገዘ ትርጉም ከመውጣቱ በፊት አማርኛን አጥርቶ በሚያውቅ ሰው፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ሊነበብ ይገባዋል።

በአማርኛ ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ነጥቦች

የዘመን አቆጣጠር። የኢትዮጵያ ዘመን ከአውሮፓው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ይሆናል። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን በአውሮፓው እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 1896 ነው። ከእንግሊዝኛ ሲተረጎም ዓመቱን ሳይለውጡ «ዓ.ም.» ብሎ መጨመር በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1999 ዓ.ም. ነው። «በ2007 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ» ብሎ የጻፈ ሰው ቆጠራውን በስምንት ዓመት ወደ ፊት አዛውሮታል። ከ1999ኙ ቆጠራ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደ፣ ከዚያ በኋላ የሚጠቀስ የሕዝብ ብዛት ሁሉ ግምት መሆኑ መገለጽ አለበት።

የፊደል አጻጻፍ። በአማርኛ አንድ ድምፅ ያላቸው የተለያዩ ፊደላት አሉ። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለው ስም የመጀመሪያው ፊደል በስድስት መንገድ (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) ሊጻፍ ይችላል። «ሥ» እና «ሴ» ደግሞ እያንዳንዳቸው በሁለት መንገድ ይጻፋሉ። በሒሳብ 6 × 2 × 2 = 24 አጻጻፎች ይሆናሉ። ሰው ሲያነባቸው አንድ ናቸው። በኮምፒውተር ግን እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝን ፊደል የጨመረው ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የተለየ ቁጥር ስለሰጠ፣ 24 የተለያዩ ቃላት ናቸው። በዚህ ምክንያት ስለ አንድ ነገር ሁለት ወይም ሦስት መጣጥፎች በተለያየ አጻጻፍ ሊጀመሩ ይችላሉ።

የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። እንጅባራ፣ እንጂባራ፣ ኢንጅባራ እየተባለ የሚጻፈው ከተማ ኮሶበር በሚል ስምም ይታወቃል። መፍትሔው አንዱን አጻጻፍ ለመጣጥፉ ርእስነት መርጦ፣ ሌሎቹን ወደ እርሱ በሚያደርስ መምሪያ መንገድ ማያያዝ ነው። አዲስ መጣጥፍ ከመጀመር በፊትም በሌላው አጻጻፍ ሁሉ መፈለግ ያስፈልጋል።

ጊዜያዊ ቃላት። «በአሁኑ ጊዜ»፣ «በቅርቡ»፣ «ዘንድሮ» የሚሉ ቃላት በተጻፉበት ቀን እውነት ሆነው ከዓመታት በኋላ ሐሰት ይሆናሉ። አርታዒ በሌለበት ገጽ «በቅርቡ ይመረቃል» የተባለ ሕንጻ አሥር ዓመት ሳይመረቅ ይኖራል። በምትካቸው ዓመተ ምሕረቱን መጻፍ ይሻላል።

ሲታረም፦ አንድ ምሳሌ

የሚከተለው ለምሳሌ የተዘጋጀ ደካማ አንቀጽ ነው፦

«እንጂባራ በጣም ውብና ታሪካዊ ከተማ ናት። ሕዝቧም እንግዳ ተቀባይ ነው። በ2007 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ 982,942 ሕዝብ ነበራት። በአሁኑ ጊዜ በፍጥነት እያደገች ትገኛለች።»

አንቀጹ ስለ ከተማዋ አቀማመጥ ምንም አይናገርም። «ውብ» እና «እንግዳ ተቀባይ» የሚሉት ስለ የትኛውም ከተማ ሊባሉ ይችላሉ። ዓመቱ አልተለወጠም። ከሁሉ የከፋው ግን ቁጥሩ የዞኑ እንጂ የከተማዋ አለመሆኑ ነው፤ ምንጩን ሳያይ የገለበጠ ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም። ሲታረም እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«እንጅባራ (ኮሶበር) በአማራ ክልል የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ናት። አዲስ አበባን በደብረ ማርቆስ በኩል ከባሕር ዳር በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በ1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2007) በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ 982,942 ሆኖ ተመዝግቧል።»

ሁለተኛው አንቀጽ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሦስቱም ሊፈተሹ ይችላሉ። በእውነተኛው ገጽ ላይ እያንዳንዱ የግርጌ ማጣቀሻ ይጨመርበታል።

ያልታተመ ዕውቀት

የተረጋጋጭነት ደንብ አንድ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። ብዙ የታተመበት ቦታ በቀላሉ ጥሩ መጣጥፍ ያገኛል። የጥርባን የአካባቢ ታሪክ፣ የአንድን ገበያ አመሠራረት ወይም የአንድን ሥርዓት አፈጻጸም የሚያውቁት ግን ብዙ ጊዜ ሽማግሌዎች እንጂ መጻሕፍት አይደሉም። «ምንጭ አምጣ» የሚለው ደንብ እንዲህ ያለውን ዕውቀት ከመዝገበ ዕውቀት ውጭ ሊያስቀረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሕንድና በደቡብ አፍሪካ የአፍ ምስክርነትን በድምፅ ቀርጾ እንደ ማጣቀሻ ለመጠቀም ሙከራ ተደርጎ ነበር። በዚህ አሠራር ላይ ክርክሩ አልተዘጋም፤ አንድን ሰው ጠይቆ የተቀረጸ ድምፅ አዲስ ጥናት ነው የሚሉ አሉና።

እስከዚያው ድረስ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ትውፊትን ትውፊት ብሎ መጻፍ ነው። ሰባት ቤት አገው ከሰባት ወንድማማቾች እንደተገኘ ይነገራል። ይህን «ተፈጸመ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው፤ ፈጽሞ አለመጥቀስም አንባቢውን ይጎዳል። «በትውፊት እንዲህ ይባላል» ብሎ ትውፊቱን ከመዘገበው ጥናት ጋር ማስቀመጥ ግን ለሁለቱም ወገን ታማኝ ነው። ሁለተኛው መንገድ ዕውቀቱ መጀመሪያ በሌላ ቦታ እንዲታተም ማድረግ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናት፣ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መጽሔት ወይም የአካባቢ ታሪክ መጽሐፍ ከወጣ በኋላ፣ መጣጥፉ እርሱን ይጠቅሳል።

ተቀባይነት ያላቸው የአገር ውስጥ ምንጮች ከሚታሰበው በላይ ብዙ ናቸው። ለአዋጅና ለሹመት ነጋሪት ጋዜጣ፣ ለዕለት ዜና ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን፣ ለሕዝብ ብዛት የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የቆጠራ ሰነዶች አሉ። ለታሪክና ለባህል ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት፣ የብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ክምችት፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጾች የታተመው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ ይገኛሉ። አብዛኛው በመረብ ላይ ባይኖርም የታተመ መጽሐፍ ሙሉ ማጣቀሻ ነው። ምንጩን በስልክ ከፍቶ ማየት አለመቻል ምንጩን አያሳንሰውም።

አንባቢ ጥራትን የሚለይበት መንገድ

አንድን መጣጥፍ ለቤት ሥራ ወይም ለጥናት ከመጠቀም በፊት ጥቂት ነገሮችን ማየት ይጠቅማል። በመጀመሪያ ቁጥር፣ ቀንና የሰው ስም ያለባቸው ዓረፍተ ነገሮች ማጣቀሻ እንዳላቸው ይታያል። ከዚያ ከማጣቀሻዎቹ አንዱ ተከፍቶ በእርግጥ የተባለውን ይል እንደሆነ ይረጋገጣል። ቀጥሎ «ታሪክ» በሚለው ገጽ ጽሑፉን ስንት ሰው እንዳረመውና መጨረሻ የታረመው መቼ እንደሆነ ይነበባል። በ«ውይይት» ገጽም ያልተፈታ ክርክር እንዳለ ይታያል።

ስሕተት ያገኘ አንባቢ ደግሞ ከማለፍ ይልቅ ሊያርመው ይችላል። አንድን ዓመተ ምሕረት ማስተካከል፣ አንድ ማጣቀሻ መጨመር ወይም ምንጭ የሌለውን ዓረፍተ ነገር በውይይት ገጹ ላይ መጠየቅ ለብቻው ትንሽ ይመስላል። ስለ አንድ ነገር አንድ ገጽ ብቻ ባለበት ቋንቋ ግን ያ እርማት ከእርሱ በኋላ ገጹን ለሚከፍት ተማሪ ሁሉ ይደርሳል።